የድምፄ ለቅሶ

ገበሬ ከገበሬ ሲገናኝ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ስለ ገበያ። አስተማሪ ከአስተማሪ ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ጉሮሮው ነው። እርግጥ ሌላም እናወራለን። ስለማይዘጋው በር፣ አንድ ዴስክ ላይ ስለሚታጨቁት ልጆች፣ ስለማያልቀው እርማት፣ ይመጣል ስለተባለው መጽሐፍ እናወራለን። ወሬው ግን ዞሮ ዞሮ ማረፊያው አንገት ላይ ነው። በእረፍት ሰዓት የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ጎራ ብትሉ ግማሻችን ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ግማሻችን የሚጠርገውን ሲመክር ታገኙናላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጠመኔው የመንግሥት ነው፤ ሰሌዳውም የመንግሥት ነው። ድምፁ ግን አስተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣ የግል ንብረት ነው። ጠመኔ ሲያልቅ ንብረት ክፍል ሄደን ፈርመን እንወስዳለን። ድምፅ ያለቀበት ሰው የሚፈርምበት ቦታ የለም። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አልቆብኝ ነው።

የማስተምረው ጉኑኖ አካባቢ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ርዕሰ መምህራችን አቶ አንጁሎ ማንበብ ይወዳሉ። ትምህርቱ እንግሊዝኛ፣ ክፍሉ ስምንተኛ ነው። ተማሪዎቼ ሰማኒያ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ማን እንደቀረና ማን እንደመጣ በትክክል የምታውቀው የክፍሉ አለቃ ብርቅነሽ ናት። ብርቅነሽ ረጅምና ቀጭን ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ከተናገረች ግን አትደግምም። እኔ «ዝም በሉ» እያልኩ ግማሽ ክፍለ ጊዜ እጨርሳለሁ። እሷ ዞር ብላ ታያቸዋለች፣ በቃ።

እኛ ጋ እንግሊዝኛ ማስተማር ማለት አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እላለሁ፣ ደንቡ ስለሆነ። ቀጥሎ በአማርኛ እላለሁ፣ እንግሊዝኛው ስላልገባቸው። መጨረሻ ላይ በወላይትኛ እላለሁ፣ አማርኛውም ለብዙዎቹ የከተማና የቢሮ ቋንቋ እንጂ የቤታቸው ስላልሆነ። ስለዚህ አንዱ ጉሮሮዬ የሦስት አስተማሪ ሥራ ይሠራል። በዚህ ላይ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል ከላይ ሌላ አስተማሪ የገባ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ከኔ ይበልጥ ይሰማል።

የዚያን ዕለት የማስተምረው ፓሲቭ ቮይስ ነበር። ቮይስ ድምፅ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድምፄ የጠፋው ስለ ድምፅ ሳስተምር መሆኑን ኋላ ሳስበው ፈጣሪም ቀልድ ያውቃል አልኩ። ዝናቡ ጀመረ፣ እኔም ጀመርኩ። ዝናቡ ጨመረ፣ እኔም ጨመርኩ። ብልህ ሰው ቢሆን ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን ከዝናብ ጋር እልህ ተጋባሁ። «ጎመኑ በፍየሏ ተበላ» እያልኩ በሦስት ቋንቋ ጮህኩ፤ የአንገቴ ሥር ተገታተረ፤ የፊተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጡት ልጆች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ዝናቡ በድንገት ቀጥ አለ። እኔም አፌን እንደከፈትኩ ነበርኩ፣ ከውስጡ ግን የወጣ ነገር አልነበረም። እንደገና ሞከርኩ። እንደ ተነፈሰ ኳስ ፊሽ የሚል ነገር ብቻ ተሰማኝ።

የአስተማሪ ዝምታ ተማሪን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያየሁት። ክፍሉ ጭር አለ። የተቆጣሁ መሰላቸው። አንዱ ከመሃል ተነስቶ መስኮቱ የተሰበረው በነሱ ኳስ እንደሆነ ተናገረ። ከጎኑ ያለው ደግሞ የቤት ሥራውን የገለበጠው ከሱ መሆኑን ጨመረ። እኔ ምንም አልጠየቅኩም፤ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ እንጂ። ደወሉ ባይደወል ኖሮ ያን ዕለት የክፍሉ ኃጢአት በሙሉ ተናዝዞ ያልቅ ነበር።

ማረፊያ ክፍል ስደርስ ችግሬን በምልክት ተናገርኩ። ሐኪም ያልሆነ አስተማሪ አልነበረም። አንዷ ዝንጅብል አኝክ አለችኝ። አንዱ የስልጤው ባለሱቅ ሸምሱ ጋ ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር እንዳገኝ መከረኝ። የሒሳቡ መምህር ዳልኬ ግን ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። ዳልኬ ከኔ ብዙ ዓመት ይበልጠኛል፤ የሚናገረውን ሁሉ እንደ ሒሳብ መልስ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ነው የሚናገረው። መድኃኒቱ ዳጣ ነው አለ። ዳጣ እኛ አገር ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበው፣ ከቃሪያና ከቅመም የሚፈጨው ነው፤ የቆመ ሰው ያስቀምጣል፣ የተቀመጠውን ያስነሳል። ነገ ከቤቱ አሠርቶ እንደሚያመጣልኝ ቃል ገባ።

ማታ ባለቤቴ አስቴር አንገቴን በቅቤ አሸችኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጉሮሮም ያው ነው። ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም፣ ትራሱ ግን ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ትምህርት ቤት ስደርስ ዳልኬ በትንሽ ብልቃጥ ዳጣውን ይዞ ይጠብቀኛል። ከምን ጋር ነው የምበላው ብዬ በእጄ ጠየቅኩት። መድኃኒት ከምንም ጋር አይበላም አለኝ። ሙሉ ማንኪያ አጎረሰኝና ቶሎ እንድውጠው አዘዘኝ። ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ብዙ አላስታውስም፤ ዓይኔ፣ አፍንጫዬና ጆሮዬ በአንድ ላይ ውኃ ያፈሰሱ መሰለኝ። ድምፄ የት እንደሄደ እንጃ፣ ዳጣው ግን ፈልጎ አላገኘውም። በዚህ መሃል ደወል ተደወለና እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ወደ ስምንተኛ ክፍል ገባሁ።

ልጆቹ እንዳዩኝ ቆሙ። ላስረዳቸው ፈልጌ ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ድምፄን አጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ችግሩ ሰሌዳችን ግራ ጎኑ ተልጦ አልቋል፤ ጠመኔ አይዝም፣ ያንሸራትታል። ሌላ ጊዜ ይህን አውቄ ከመሃል ነው የምጀምረው። ያን ቀን ግን በእንባ መሃል ሰሌዳው ራሱ በጭንቅ ነው የታየኝ። «ድምፄን» የሚለው በተላጠው በኩል ሾልኮ ቀረ። ተማሪዎቹ ያነበቡት አንዲት ቃል ነው፦ «አጣሁ»።

የዳጣው ሳል አላስቆም ስላለኝ ውኃ ፍለጋ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል፤ ብርቅነሽ በለሆሳስ ትጸልያለች። እንድድን የሚጸልዩልኝ መሰለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አብሬ ቆምኩ። እንባዬ ደግሞ ገና አላቆመም ነበር።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ምሳ ሰዓት ላይ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ወሬ በእግሩ አይሄድም፤ በተማሪ እግር ነው የሚሄደው። እኔ ከሰዓት በኋላ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እርማት እያረምኩ ሳለ በሩ ተንኳኳና የብርቅነሽ አባት አቶ ማዳ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። አቶ ማዳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንገቴን አቅፈው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ።

ቆየት ብለው አቶ ማዳ ጠንከር እንድል መከሩኝ። ሁላችንም ተራ ጠባቂዎች እንደሆንን ነገሩኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ራሴን በኃይል ነቀነቅኩ። እሳቸው ደግሞ «ይገባኛል፣ ማመን ያቅታል» አሉና ትከሻዬን ይዘው አረጋጉኝ። እስክሪብቶ አንስቼ እርማት ላይ ከነበረ ወረቀት ጀርባ «ማንም አልሞተም» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አርቀው ያዙና ጮክ ብለው አነበቡ። ትንሽ አሰቡበት።

«አሜን» አሉ። «በጌታ ያለ ሰው ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። እምነትህ አጽናናኝ፣ ልጄ።»

ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ እንባውን ጠረገ።

ዳልኬ ቢኖር በአንድ ቃል ይገላግለኝ ነበር፤ እሱ ግን የከሰዓት ፈረቃ ላይ ነበር። በዚህ መሃል ከውጭ የሴት ጩኸት ተሰማ። አስቴር ናት። ገበያ ላይ «ባልሽ መርዶ ተረድቶ ሰሌዳ ላይ አጣሁ ብሎ ጻፈ» ብለው ነግረዋታል። ድምፄ መጥፋቱን ታውቃለች፤ መርዶው ግን በዚያ ላይ የተጨመረ ሌላ ነገር መስሏታል። ቦዲቲ የምትኖር እናት አለችኝ፣ የደም ግፊት አለባት። አስቴር ከበሩ ላይ ሆና «እማዬ ናት?» አለችኝ። እኔ አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እሷ አልተረፈችም ማለቴ መሰላትና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አንጁሎ ከትናንት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ምንም አያውቁም። ከስብሰባ ሲመለሱ የሚያለቅስ ቤተሰብና የተቀመጡ ሽማግሌዎች ጠበቋቸው። ሥርዓት ያለው ሰው ናቸው፤ በሐዘን ላይ ጥያቄ አያበዙም። የቀብሩን ሰዓት ለማወቅ ከአስቴር ስልክ ላይ ወደ እናቴ ቁጥር ደወሉ፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ያነሳዋል ብለው። ያነሳችው ራሷ እናቴ ናት። አቶ አንጁሎ ስማቸውን ተናገሩ፣ ከማን ጋር እንደሆኑ ጠየቁ፣ መልሱን ሰሙ፤ ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው አዩት። ቀጥለው ለአስቴር ሰጧት። አስቴር የሟቿን ድምፅ ስትሰማ ባሰባት።

እናቴ ጉኑኖ ካለው ልጇ ትምህርት ቤት ተደውሎላት የምትሰማው የምራቷን ዋይታ ነው። ምን ልታስብ ትችላለች። ልጄን አገናኙኝ አለች። ስልኩ ተሰጠኝ። ያለ የሌለ ኃይሌን አጠራቅሜ «እማዬ» ለማለት ሞከርኩ። ፊሽ አለ። እንደገና ፊሽ አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

ስለ እናቴ ደኅንነት አሁን ሁሉም እርግጠኛ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ዘመድ ይሆናል ተባለ። መቼም ለቅሶ ከተጀመረ ሟች አይጠፋም። ብጽፍላቸውም እንደ አቶ ማዳ የማጽናኛ ቃል አድርገው ነው የሚያነቡት። ማረፊያ ክፍል ለቅሶ መቀመጥ አይሆንም ብለው ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። ስደርስ ዕድሩ ድንኳን ተክሏል። ዕድራችን ለሌላ ነገር ቀርፋፋ ነው፤ ለድንኳን ግን የሚቀድመው የለም። ሰው እየበዛ ሲመጣ መቀመጫ አነሰ። እኔም ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ማመላለስ ጀመርኩ። ማንም ተው አላለኝም፤ ሐዘኑን በሥራ ይርሳ ብለው ይሆናል።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከቦዲቲ እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼና የጎረቤት ሰው ሁሉ ተጭነው መጥተዋል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ድንኳኑን ነው። አክስቶቼ በሁለት በኩል ደገፏት። ቀጥሎ ያየችው አግዳሚ ወንበር ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ የሚገባ ሰው ነው። ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። እኔም ወንበሩን አስቀመጥኩ። መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እስካሁን ስስቅበት የነበረው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ አላሳቀኝም።

ዳልኬ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ድንኳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ማን እንደሞተ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። ዳልኬም እንደ ልማዱ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ፦ ዝናቡን፣ ጉሮሮዬን፣ ዳጣውን። እናቴ በወላይትኛ የሞተው ድምፁ ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ብቻ ነው ተባለች። ጦሳ ይመስገን አለችና ተቀመጠች፤ ፈጣሪን በአባቶቿ ቋንቋ ነው የምትጠራው። አቶ ማዳ ደግሞ ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና አነበቧት፤ አሁን በሌላ ዓይን። ከዚያ የተተከለ ድንኳን ሳይበላበት አይነቀልም አሉና ለለቅሶ የመጣው ቦዬ የሚባለው ሥራሥርና በቆሎ ለምስጋና ተበላ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። በቁሜ ድምፄን ቀበርኩ፤ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሄደ።

በማግስቱ እናቴ ሐኪም ሳታይ አልሄድም ስላለች ሶዶ ወረድኩ። እሷ እግሯ ስላበጠ አብራኝ አልመጣችም፣ ብቻዬን ነኝ። ሶዶ ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ወራጅ ማለት የማይችል ሰው ባጃጅ መያዝ የለበትም። የምወርድበት ሲደርስ የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረግኩ፤ እሱ ፍጠን ያልኩት መስሎት ነዳው። አጨበጨብኩ፣ ሙዚቃውን ከፍ አደረገልኝ። መናኸሪያ ደርሰን መንገዱ ሲያልቅ ነው የቆመው። ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ። ጉሮሮዬን በመብራት አየ። ሥራዬን ጠየቀኝ፣ አስተማሪ ብዬ ጻፍኩለት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ብዙዎቻችንን ያየ ይመስላል።

«በተሰበረ እግር ይሮጣሉ?» አለኝ። «በጉሮሮዎ ግን በየቀኑ እየሮጡበት ነው። ሁለት ሳምንት አንዲት ቃል አይናገሩ፣ ሹክሹክታም ቢሆን። ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው ከጮሁበት ድምፅዎ ለዘለቄታው ይጠፋል።»

ከሐኪሙ ዘንድ ስወጣ ሶዶ እንደወትሮው ጫጫታ ናት። ባጃጁ ይጮሃል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ ሎሚ የምትሸጠዋ ከባለ ሸንኮራው ጋር ትነታረካለች። ሁሉም ድምፅ አለው፣ ሁሉም ያባክነዋል። ያኔ ነው የፈራሁት። እርሻ አላውቅበት፣ ንግድ አልሞከርኩ። ቁመት የለኝም፣ መልክ የለኝም። አንድ ያለኝ ነገር ክፍል ውስጥ ገብቼ መናገር ነበር። እሱ ከቀረ እኔ ማን ነኝ? ወደ ጉኑኖ ስመለስ የሚኒባሱን መስኮት ተደግፌ እያሰብኩ ነው የሄድኩት፤ ደግነቱ የጉኑኖ መናኸሪያ የመጨረሻ ፌርማታ ስለሆነ ወራጅ ማለት አላስፈለገኝም።

አቶ አንጁሎ አዝነው አዳመጡኝ፤ ማለቴ አነበቡኝ። የክልሉ ፈተና ቀርቧል፣ ምትክ መምህር የለም። ለጊዜው ንብረት ክፍል ልመድብህ አሉኝ። ይህ «ለጊዜው» የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ከኔ በፊት አንድ የታሪክ መምህር ለጊዜው ብለው እዚያ ገብተው ጡረታ የወጡት ከዚያው ከጠመኔና ከመጥረጊያው መሃል ነው። ክፍሌን አትውሰዱብኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። ሱፐርቫይዘር እስኪመጣ ድረስ ሞክር፣ እሱ ያየውን አይቶ ይወስናል አሉኝ።

ሞከርኩ። መጀመሪያው ቀን በእጅ ምልክት ለማስተማር ፈልጌ ፍየል ሆንኩ፣ ጎመን ሆንኩ፣ ተበላሁ። ክፍሉ በጣም ተደሰተ፣ የገባው ግን የለም። በሁለተኛው ቀን ብርቅነሽ እጇን አወጣችና ከሰሌዳው መሃል እየጻፍኩ እነሱ ተራ በተራ ወጥተው ቢያስረዱስ አለች። ጠመኔውን ሰጠኋትና ጥግ ቆምኩ።

እዚያ ጥግ ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ፓሲቭ ስል ግማሹ ክፍል የሚሰማው ፓስት ነው፤ ስለዚህ ያለፈ ጊዜ እየመሰላቸው ነበር። ስንት ጊዜ በሦስት ቋንቋ ጮኼበታለሁ። ብርቅነሽ ጓደኛዋን መስኮቱን ማን ሰበረው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቅ አለችና «መስኮቱ ተሰበረ» አለች። ብርቅነሽም፦ ይኸው ፓሲቭ ይህ ነው፣ ጥፋተኛው ሲደበቅ፤ ሊናገር ከፈለገ «ባይ» የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስቀድሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል አለቻቸው። ክፍሉ «አአአ» አለ። ያንን «አአአ» በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ሰምቼ እንደሆነ ሳስበው ብዙ አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ ያልገባው ልጅ ወጥቶ ይጠይቃል፣ የገባው ይመልሳል፣ ይከራከራሉ፣ ሲጠፋቸው ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አነቃንቃለሁ። ሥራዬ ይህ ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ከፋኝ ብልም ውሸት ነው።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከአቶ አንጁሎ ጋር መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ክፍለ ጊዜው ተጀምሮ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። አቶ አንጁሎ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሱፐርቫይዘሩ ይጽፋል። ስንጨርስ ማረፊያ ክፍል ጠራኝና እጄን ጨበጠኝ። እስከዛሬ ለአስተማሪ ሁሉ ትንሽ ተናገሩ፣ ተማሪው ይናገር እያልኩ ነው የኖርኩት አለ፤ የሚሰማኝ አጥቼ ነበር፣ አንተ ግን ልክ እንደተባለው አደረግከው። አቶ አንጁሎ ነገሩን ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ዘጉት። ሱፐርቫይዘሩ እዚያው ላይ በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ይህንኑ ዘዴ እንዳሠለጥን ወሰነ።

ሥልጠናው ሲደርስ ሁለት ሳምንቱ አልፎ ድምፄ ተመልሷል። ሐኪሙ በቀስታ ብሎኛል፣ እኔም በቀስታ ነው የጀመርኩት። ዝምታ ለአስተማሪ ስላለው ጥቅም ጥቂት ደቂቃ ለመናገር ነበር ያሰብኩት። ግን ሁለት ሳምንት የተጠራቀመ ቃል ነው፤ አንዴ ሲከፈት ማን ያስቆመዋል። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከፊት የተቀመጡት ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ ተማሪ እንዴት መደመጥ እንዳለበት አስረዳለሁ፤ ዳልኬ አንቀላፍቷል። ሲያልቅ ዳልኬ ዝምታን ጮኾ የሚያስተምር ሰው ዛሬ ማየቱን ነገረኝና ለጉሮሮዬ ዳጣ ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሰኞ ክፍሌ ገባሁ። ተማሪዎቹን በራሴ ድምፅ ጉድ ሞርኒንግ አልኳቸው፤ ተደሰቱ፣ አጨበጨቡም። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ አስተማርኩ። ሳልጮህ፣ በደንብ፣ እንደ ድሮው በሦስት ቋንቋ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው አልኩ። ብርቅነሽ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንደገና የሚያምዎት መቼ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ያ ነው የባሰው፤ መልሱን እየጠበቁ ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። እንዳትጎዳኝ ቃል መረጠች፣ ከዚያ ሲያመኝ እነሱ እንደሚናገሩ፣ ስድን ግን እኔ ብቻ እንደምናገር ነገረችኝ። ምሳዬን በቅጡ አልበላሁም። ለዳልኬ ስነግረው አኝኮ እስኪውጥ ቆየና፣ ልጅቷ የሚጠየቅ ነገር ነው የጠየቀችህ አለኝ።

በማግስቱ ስገባ ጠመኔውን ለብርቅነሽ ሰጥቼ መጨረሻው ዴስክ ሄድኩ። ሦስት ልጆች ተጣብበውበታል፤ ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ወጣ። ርዕሱ ነገሮችን ማወዳደር ነበር። ብርቅነሽ ዳሞታ ተራራን ከሌላ ተራራ ጋር አወዳድራ ጻፈችና፣ ስትጽፍ ሞር የሚለውን ቃል በማይገባው ቦታ አስገባች። ዝም ማለት አቃተኝ። ጎኔ ላለው ልጅ በጆሮው ሞር አይገባም እዚህ ጋ አልኩት፣ ለምን እንደማይገባም ማስረዳት ጀመርኩ።

ብርቅነሽ ፊቷን ሳታዞር መጻፏን አቆመች።

«ከኋላ የሚያወራው ማነው?»

ክፍሉ በሙሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ጎኔ የነበረው ልጅ ሳይቀር።

«ይነሳ» አለች፣ መጻፏን ቀጥላ።

ተነስቼ ቆምኩ። እንደቆምኩ ከፊት አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች፣ ሞር መጥፋት አለበት አለች፣ ምክንያቱንም ተናገረች። ብርቅነሽ አጠፋችው፣ አመሰገነቻት፣ ትምህርቱም ቀጠለ። እኔን ግን ቁጭ በል የሚለኝ አልነበረም።